የጋራ ፕሮፖዛላችን፦ ከሌላ አገር ሠዓሊዎች ምን እንውሰድ?

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ እንዴት ሰነበታችሁ? የጎንደር ማኅበራችንን ፕሮፖዛል እስከ እሑድ መልክ ማስያዝ አለብን። አሁን ያለው ረቂቅ አጭር ነው፤ የ4 አገር ሠዓሊዎችን ሥራ በትልቅ ወረቀት አሳትመን፣ አዳራሽ ተከራይተን ለ1 ሳምንት ማሳየት። ያልተስማማችሁበት ነገር ካለ ሳትሸሽጉ ጻፉ።

ሠዓሊ፣ ከአራዳ፦ እኔ አልተስማማሁም። ፎቶውንማ ማንም ስልኩ ላይ ያየዋል። ሰው የሚጓጓው እንዴት እንደተሠራ ለማወቅ ነው። የአገራችንን ሠዓሊ፣ የአዲስ አበባውን ኤልያስ ስሜን ውሰዱ። ከመርካቶ የተጣለ የኮምፒውተር ዕቃና የኤሌክትሪክ ሽቦ ይሰበስባል። ሽቦውን እንደ ሹሩባ እየጎነጎነ ሰሌዳ ላይ ይመታዋል። ከሩቅ ሲያዩት ከአውሮፕላን የታየ ማሳ ይመስላል። ጠጋ ሲሉ ግን ሽቦ ነው፤ ቀዩ፣ ቢጫው፣ አረንጓዴው። እኛስ ፒያሳ ስልክ ጠጋኞቹ ጋ በማዳበሪያ ሞልቶ የሚጣለው ምንድን ነው? ዎርክሾፕ ይሁን እላለሁ። 10 ቀን እንሥራና የሠራነውን እናሳይ።

አዲስ አባል፦  በዚህ ሐሳብ እስማማለሁ። ጋናዊው ኤል አናትሱይ በጠርሙስ ክዳን እንደ ጋቢ የሚወርድ ትልቅ ሥራ ይሠራል አይደል? እ.ኤ.አ. 2015 ላይ የቬኒስ ቢየናሌ፣ ያ ትልቁ የሥነ ጥበብ ትርኢት፣ «የወርቅ አንበሳ» የሚባለውን ሽልማት ሰጥቶታል። ዳሽን ቢራ እዚሁ ነው የሚጠመቀው፤ የቆርኪ ችግር የለብንም።

የሥዕል መምህር፦ ወንድምዓለም፣ ሐሳብህ ጥሩ ነው፣ ግን ቆርኪው አንድ አይደለም። አናትሱይ የሚጠቀመው የአረቄ ጠርሙስ ክዳን ነው። ስስ አልሙኒየም ስለሆነ በጣት ይታጠፋል፣ ይጠፈጠፋል፣ ከዚያ በመዳብ ሽቦ ይሰፋል። እንደ ጨርቅ የሚወርደውም ለዚህ ነው። የቢራ ቆርኪ ብረት ነው፤ አይታጠፍም፣ እጅም ይቆርጣል። ልጆች የሚሳተፉ ከሆነ እኔ አልደፍረውም።

አዲስ አባል፦ እሺ ጋሼ፣ ገባኝ። እንግዲያው ጆንያ ይሁን። ኢብራሂም ማሃማም ጋናዊ ነው፣ ካካዎ የተጫነበትን አሮጌ ጆንያ በአዲስ ይቀይራል። ከብዙ ሰው ጋር ሆኖ ይሰፋውና ሕንፃ ያለብስበታል። የነጋዴው ማኅተምና ቀዳዳው ሁሉ እንዳለ ይታያል። እኛም ሰፍተን የፋሲል ግቢን አጥር ብናለብሰውስ?

አስጎብኚ፦ ግቢው አይሆንም። ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። ኖራው ላይ አንዲት ሚስማር ብትመታ ማናችንም ይቅር አንባልም። የራሳችን ስቱዲዮ ግድግዳ አለ፤ እሱን እናልብስ።

የሥዕል መምህር፦ አንድ የቆየ ነገር ላንሣ። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ። ስለ ሌላ አገር ሠዓሊ ስናወራ አንድ ፈረንሳዊ ሠዓሊ ጎንደር ተቀምጦ የእኛን ሥዕል መቅዳቱን ረሳነው። በ1932 እ.ኤ.አ. በፈረንሳዊው የሕዝቦች ባህል አጥኚ በማርሴል ግሪዮል የሚመራው ቡድን እዚህ ሰንብቶ ነበር። የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ያን ጊዜ ተነሥተው ወደ ፓሪስ ሄዱ። በምትካቸው ጋስቶን ሉዊ ሩ የሚባለው ሠዓሊ ቅጂ ሠራ። ዋናዎቹ ዛሬ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው።

ሥዕል ከግድግዳ ላይ እንዴት ይነሣል ትሉ ይሆናል። የእኛ አባቶች የሚሥሉት በጥጥ ጨርቅ ላይ ነበር፤ ጨርቁ ነው ግድግዳው ላይ የሚለጠፈው። ስለዚህ ይላጣል፣ ይጠቀለላል፣ ይጫናል። እኔ ይህን ለተማሪ ባስረዳሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ሐሳቤ ይህ ነው። መጀመሪያ የእኛ ሰው ሣለ። ቀጥሎ ሩ ቀዳ። አሁን እኛ ሦስተኛውን እንሥራ። እያንዳንዱ ሠዓሊ ከዚያ ሥዕል አንድ ምስል ይምረጥና በጥጥ ጨርቅ ላይ በራሱ እጅ ይመልስ። አንዱ በቀለም፣ አንዱ በሽቦ፣ አንዱ በጆንያ።

ሠዓሊ፣ ከአራዳ፦ ጋሼ፣ ዋናው ሥራ ይህ መሆን አለበት። ሌላው ሁሉ ከዚህ ሥር ይግባ።

አስጎብኚ፦ እኔም ደግፌዋለሁ። ግን የቅዱሳን ሥዕል ነው፤ ሰው የሚሳለመው። ቀድመን የደብሩን አስተዳዳሪ እናነጋግር። ከሽቦ የተሠራ ጻድቅ ሲያዩ ቅር የሚላቸው ይኖራሉ፤ ይህን ከመነሻው ብናውቀው ይሻላል።

ሸክላ ሠሪ፣ ከወለቃ፦ እኔ ሥዕል አልችልም፣ ግን ጭቃ አውቃለሁ። ናይሮቢ የተወለደችውን ሸክላ ሠሪ ማግደሊን ኦዱንዶን ባለፈው መምህሩ አሳይተውን ነበር። ያለ ሸክላ ማዞሪያ በእጇ ነው የምትገነባው፤ እንደኛው። መስተዋት መሳይ ቅብም አትቀባም። ገላውን በድንጋይ ትወለውለዋለች። አንዴ ሲተኮስ ቀይ ይሆናል፤ አየር አፍና ስትደግመው ይጠቁራል። ያን ቀን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ እናቴ ስትሠራ ያየሁትን ሴትዮዋ ትልቅ ሙዚየም አስገብታዋለች። በ10ሩ ቀን 2ቱን ለእኛ ስጡን። ለመድረቂያ ግን ጊዜ ይታሰብ፤ እርጥብ ጭቃ እሳት ውስጥ ይፈነዳል።

ሂሳብ ያዥ፦ ሽቦ፣ ጆንያና ጭቃ ብዙ ወጪ የላቸውም። የሚከብደው ጨርቁና ቀለሙ ነው። የአዳራሹን ኪራይ ሰርዘን ገንዘቡን ወደዚያ እናዙር።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ እታለም፣ 2ቱ ቀን ያንቺ ነው፤ ማድረቂያው ከዎርክሾፑ በፊት ይጀመር። የፕሮፖዛሉን መግቢያ እንዲህ ቀይሬዋለሁ፦ «ከአባ እንጦንስ የሄዱትን ሥዕሎች መነሻ አድርገን፣ የጎንደር ሠዓሊዎችና ሸክላ ሠሪዎች ለ10 ቀን አብረው ይሠራሉ። ከኤልያስ ስሜ ሽቦውን፣ ከማሃማ ጆንያውን፣ ከኦዱንዶ እሳቱን እንማራለን።» ለጥምቀት እናድርሰው ወይስ ቀደም ይበል?

አስጎብኚ፦ ቀደም ይበል። በጥምቀት ሰው ታቦት ይሸኛል እንጂ ስቱዲዮ አይገባም። ኅዳር ይሁን።

ሸክላ ሠሪ፣ ከወለቃ፦ «ከኦዱንዶ እሳቱን እንማራለን» የሚለው ይስተካከል። እሳቱን እኛም እናውቀዋለን። «ከኦዱንዶ ጋር እሳታችንን እናነጻጽራለን» በሉት።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ ተስተካክሏል።