አንድ አልበም፣ ብዙ ኅትመት፦ የፍላጎት መዝገቡ እንዴት ይያዝ?

ልገዛቸው የምፈልጋቸውን የሸክላ አልበሞች ስልኬ ላይ በሠንጠረዥ ነው የምይዘው፦ አርቲስት፣ ርዕስ፣ አሳታሚ፣ ካታሎግ ቁጥር (አሳታሚው የሚሰጠው መለያ)፣ ባርኮድ፣ የምከፍለው ከፍተኛ ዋጋ። የቁጥር አምዶቹን አስቀድሜ ወደ «ጽሑፍ» ቀይሬያለሁ፤ አለዚያ ከፊት ያሉት ዜሮዎች ይጠፋሉ።

የተቸገርኩት ብዙ ጊዜ በታተሙ አልበሞች ነው። የሙዚቃ ኅትመቶች በሚመዘገቡበት ድረ ገጽ በዲስኮግስ ላይ እያንዳንዱ ኅትመት የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ ሁሉንም የሚሰበስብ ዋና ገጽም አለ። የዋናውን ገጽ ቁጥር ብቻ ስመዘግብ የማልፈልገው ዳግም ኅትመት አብሮ ይገባል። እያንዳንዱን ኅትመት ለየብቻ ስመዘግብ ደግሞ አንዱን ከገዛሁ በኋላ የቀሩት «ተፈላጊ» እንደሆኑ ይቆያሉ፤ ሱቅ ውስጥ ቆሞ በዚያ መዝገብ መወሰን ከባድ ነው። ካታሎግ ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም፤ ዳግም ኅትመቱም ያንኑ ቁጥር ይዞ ሊወጣ ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚለያቸው በመጨረሻው ዘፈንና በመሐሉ ወረቀት መካከል፣ ባዶው ቀለበት ላይ የተጫረው ጽሑፍ ነው። እሱን ከመዝገቡ ማውጣት አልፈልግም።

አልበሙ አንድ ረድፍ ብቻ ይዞ፣ የምቀበላቸውና የማልቀበላቸው ኅትመቶች ቀለበቱ ላይ ከተጫረው ጽሑፋቸው ጋር ሥሩ ተለይተው፣ አንዱ ሲገዛ ሁሉም በአንድ ምልክት እንዲዘጉ ሠንጠረዡን እንዴት ላዋቅረው?