የ36 ዓመት ክስና የዳኛ ሹመት፦ የካቫና ጉዳይ በምን ሚዛን መታየት ነበረበት?

አወያይ፦ ለክርክር የቀረበው ጉዳይ ይህ ነው። በ2018 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ፕሬዚዳንት ትራምፕ ዳኛ ብሬት ካቫናን ለአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አጩ። ሹመቱ ሊጸድቅ ሲቃረብ የሥነ ልቦና ፕሮፌሰሯ ክሪስቲን ብሌዚ ፎርድ፣ በ1982 ክረምት ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የወጣቶች ግብዣ ላይ ካቫና አልጋ ላይ ጥለው ልብሴን ሊያወልቁ ታገሉኝ፣ ልጮህ ስል አፌን አፈኑኝ ሲሉ ተናገሩ። ያኔ ፎርድ የ15፣ ካቫና የ17 ዓመት ልጆች ነበሩ። ካቫና ፈጽሞ አላደረግሁም አሉ። ሴኔቱም በ50 ለ48 ድምፅ አጸደቃቸው። ይህን ያህል የቆየና በፍርድ ቤት ያልተረጋገጠ ክስ ዳኛን ከሹመት ሊያስቀር ይገባል? ስድብ ያለበት ጽሑፍ ይሰረዛል።

ጠበቃው፦ አይገባም። ይርጋ፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ በየአገሩ ሕግ የተደነገገው ለወንጀለኛ ታዝኖ አይደለም። ጊዜ ሲረዝም ምስክር ይሞታል፣ ሰነድ ይጠፋል፤ ንጹሕ ሰው ራሱን የሚከላከልበት ነገር ያጣል። ፎርድ ቀኑን አያውቁም፣ ቤቱን አያውቁም፣ ከዚያ ማን ወደ ቤታቸው እንዳደረሳቸው አያውቁም። ግብዣው ላይ ነበረች ያሏት ጓደኛቸው እንኳ እንዲህ ያለ ግብዣ አላስታውስም ብላለች። በዚህ ማስረጃ የትኛው ዐቃቤ ሕግ ክስ ይመሠርታል?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ወንድሜ ጠበቃው፣ ማን ሊታሰር ነው ይርጋ የተነሣው? ድርጊቱ ተፈጸመ የተባለው እኔ በምኖርበት በሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው፤ እዚህ አካባቢ ያላችሁ ሐበሾች ሁሉ ታውቁታላችሁ። የካውንቲው ባለሥልጣናት ያኔ እንዳስረዱት፣ በ1982 በነበረው የሜሪላንድ ሕግ እንዲህ ያለው ሙከራ ቀላል ወንጀል ስለነበር ክስ የሚቀርብበት ጊዜ አንድ ዓመት ብቻ ነበር። የ15 ዓመት ልጅ 16 ዓመት ሳይሞላት ፖሊስ ጋ ካልሄደች አለቀላት ማለት ነው። ሚዛናችን ይህ ሕግ ይሁን? ሴኔቱ ካቫናን ወህኒ ላውርድ ወይስ ልልቀቅ ብሎ አልተሰበሰበም፤ የተሰበሰበው ዕድሜ ልክ የሚያዝ ወንበር ልስጣቸው ወይስ ልከልክላቸው ብሎ ነው። ባንክ እንኳ ገንዘብ ያዥ ሲቀጥር ከተጠራጠረ ሌላ ሰው ይፈልጋል፤ ፍርድ ቤት እስኪወስንለት አይጠብቅም። ቀኑን ረሱ ለምትለው ደግሞ፣ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሴትየዋ ከሁሉም በላይ ከአእምሮዬ አልጠፋ ያለው የሁለቱ ልጆች፣ የካቫናና ክፍሉ ውስጥ አብሯቸው ነበረ ያሉት የጓደኛቸው፣ ሳቅ ነው ብለዋል።

ጠበቃው፦ ተረት ማስረጃ አይሆንም፣ እህቴ። ባንኩም ያልቀጠረውን ሰው በቴሌቪዥን ደፋሪ ብሎ አይሸኘውም። ካቫና ከ2006 ጀምሮ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ዳኛ ነበሩ። ሹመቱ ቢቀር ወደዚያ ችሎት የሚመለሱት ምን ስም ይዘው ነበር?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ፎርድ ጉዳዩን በ2012 ለሥነ ልቦና አማካሪ ተናግረዋል። ያኔ የዚህ ሹመት ወሬ እንኳ አልነበረም።

ጠበቃው፦ በአማካሪዋ ማስታወሻ የካቫና ስም የለም። የወንዶቹንም ቁጥር አራት ይላል።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ አራት የሚለው የአማካሪዋ ስሕተት ነው ብለዋል። ስሙንም ባለቤታቸው ያኔ ሰምቻለሁ ብለዋል። ይህንንም ጨምርበት እንጂ።

አንጋፋው፦ ሁለታችሁም ማስረጃው በወጉ የተመረመረ ይመስል ትከራከራላችሁ። እኔ በ1991 የሕግ ፕሮፌሰሯ አኒታ ሂል፣ ለዚሁ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ታጭተው የነበሩት ክላረንስ ቶማስ በጾታ ተንኩሰውኛል ብላ ስትመሰክር በቴሌቪዥን የተከታተልሁ ሰው ነኝ። ጥያቄ አቅራቢዎቹ 14 ሴናተሮች በሙሉ ወንዶች ነበሩ። ሌላ ሴት ልትመሰክር ዋሽንግተን ድረስ መጥታ ሳለ ኮሚቴው ፊት አልቀረበችም፤ ቃሏ በጽሑፍ ከመዝገቡ ጋር ተያያዘ። ቶማስ በ52 ለ48 አለፉ።

በ2018 ምን ተማሩ? ሪፐብሊካኖቹ ሴት እየጠየቀች ትታይልን ብለው ራሔል ሚቸል የተባሉ ዐቃቤ ሕግ ከአሪዞና አስመጡ። ለእያንዳንዱ ሴናተር የተፈቀደው አምስት ደቂቃ ነው። ሚቸል አምስት ደቂቃ ይጠይቃሉ፤ ከዚያ ተራው የዴሞክራቱ ይሆናል፤ እርሱ ፎርድን ያመሰግናል፤ ሚቸል ካቆሙበት ይቀጥላሉ። እንዲህ እየተቆራረጠ ሰው አይመረመርም፤ ራሳቸው ሚቸል መጨረሻ ላይ ይህንኑ ለፎርድ ጠቆም አድርገዋል። ተራው የካቫና ሲሆን ደግሞ ሚቸል ጥቂት ጠይቀው ሴናተር ሊንዚ ግራሃም ማይክሮፎኑን ያዙና በዴሞክራቶቹ ላይ ጮኹ። ከዚያ በኋላ ሪፐብሊካኖቹ ጥያቄውን ራሳቸው ያዙት፤ ከሩቅ የተጠሩት ሴት አጠገባቸው ዝም ብለው ተቀመጡ።

ዴሞክራቶቹንም አልምርም። የፎርድ ደብዳቤ ለሴናተር ዳያን ፋይንስታይን የተጻፈው በሐምሌ መጨረሻ ነው። ለፌዴራሉ ምርመራ ቢሮ (ኤፍቢአይ) የተላለፈው በመስከረም፣ የካቫና የመጀመሪያ ምስክርነት ካለቀ በኋላ ነው። ስሜ እንዳይገለጽ ብለው ለምነዋል ይባላል፤ እውነት ነው። ስም ሳይገለጽ በምስጢር ማስመርመር ግን ይቻል ነበር።

ወላጅ፦ እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነው። በ17 ዓመቱ ያጠፋውን በ53 ዓመቱ የሚጠየቅ ከሆነ ወንድ ልጅ ያሳደገ ሁሉ እንቅልፍ አይወስደውም።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ሴት ልጅ ያሳደገውስ መቼ ተኝቶ ያውቃል? ደግሞ ካቫና ልጅ ሳለሁ አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ አላሉም። በ53 ዓመታቸው፣ በመሐላ፣ ምንም አልነበረም ነው ያሉት። ሊመዘን የሚገባው ያ ቃል ነው።

ታዛቢ፦ ጋሽ አንጋፋው የተናገሩትን የሚያጠናክር ልጨምር። ሴናተር ጄፍ ፍሌክ አጥብቀው ስለጠየቁ ለኤፍቢአይ አንድ ሳምንት ተሰጠ። መርማሪዎቹ ወደ አሥር የሚሆኑ ሰዎች አነጋገሩ። ፎርድን ግን አላነጋገሩም፤ ካቫናንም አላነጋገሩም። ሪፖርቱ አንድ ቅጂ ብቻ ነበር፤ ሴናተሮቹ በምክር ቤቱ በተጠበቀ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ሰዓት ሪፐብሊካን አንድ ሰዓት ዴሞክራት እየተፈራረቁ አነበቡት። በ2021 እንደታወቀው ከ4,500 በላይ ጥቆማ ደርሶ ነበር፤ ከጉዳዩ ጋር የተያያዘው ለኋይት ሐውስ የሕግ አማካሪዎች ተላለፈ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ይህ ነው።

አሽሟጣጩ፦ በ2018 "ሴቶችን እመኑ" ሲሉ የነበሩት በ2020 ታራ ሪድ ባይደን በ1993 ደፈሩኝ ስትል ማስረጃ የት አለ አሉ። ማስረጃ የት አለ ሲሉ የነበሩት ደግሞ በአንድ ሌሊት ለሴቶች ተቆርቋሪ ሆኑ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ጠበቃው፦ በዚህ ከአሽሟጣጩ ጋር ነኝ፤ ሚዛን ይኑር የምለውም ለዚሁ ነው። ሪፐብሊካኖች በ2017 ስልሳ ድምፅ የሚጠይቀውን ደንብ ሽረው ተራ አብላጫ ይበቃል ካሉ ወዲህ፣ ዳኛ ለማሾም የሌላውን ወገን አንድ ሰው ማሳመን አያስፈልግም። ክርክሩ ሁሉ ለሦስት ለአራት ሴናተሮች ነበር፦ ለፍሌክ፣ ለኮሊንስ፣ ለመርካውስኪ፣ ለማንቺን። መርካውስኪ ተቃዋሚ ሆነው ሳለ፣ ደጋፊው ባልደረባቸው የልጃቸው ሠርግ ላይ ስለነበሩ፣ ልዩነቱ እንዳይዛባ የራሳቸውን የተቃውሞ ድምፅ ባለመስጠት አቻቻሉላቸው። የአገሪቱ ትልቁ ወንበር በሠርግ ቀጠሮ ተቻችሎ አለፈ። እኔ ብጠየቅ፣ እንዲህ ያለ ክስ ሲመጣ ጉዳዩ ከካሜራ ፊት ይነሣ፤ ልምድ ያላቸው መርማሪዎች ሁለቱንም ወገን በዝግ፣ በመሐላ፣ ያለ አምስት ደቂቃ ገደብ ይጠይቁ፤ ሴኔቱ ውጤቱን አይቶ ይወስን።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ በዚህስ እንስማማለን፤ ግን ማን ይዘዘው? ኤፍቢአይ የእጩን ጀርባ የሚያጠናው ለኋይት ሐውስ ነው። ማንን አነጋግሩ፣ የት ላይ አቁሙ የሚለው ትእዛዝ የሚመጣው ካጨው ሰው ቢሮ ነው። ትራምፕ የፈለጋችሁትን ጠይቁ ብያለሁ አሉ፤ መርማሪዎቹ ግን የፎርድን በር አላንኳኩም። የሴኔቱ ኮሚቴ የራሱ መርማሪ ይኑረው ትለኝ እንደሆነ፣ ኮሚቴውን የሚመራው አብላጫው ፓርቲ ነው።

ጠበቃው፦ እንግዲያው ገለልተኛ አካል በሕግ ይቋቋም።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ሕጉን የሚያወጣው ያው ሴኔት ነዋ!