ሬድከረንቱ ቅጠል እንጂ አበባ አላወጣም

ጅማ ውስጥ፣ 1,750 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከቁራጭ የተተከሉ ሦስት የሬድከረንት ቁጥቋጦዎች አሉኝ (ቀይ ፍሬው እንደ ወይን በዘለላ የሚንጠለጠለው)። አራት ዓመታቸው ነው። የሚያፈራው ሁለትና ሦስት ዓመት የሞላው ቅርንጫፍ ስለሆነ እሱን ሳልነካ መሃሉን ብቻ አሳሳሁ፤ ሥሩን በበሰበሰ ፍግና በቡና ገለባ አለበስኩ። ቅጠሉ መዳፍ ያክላል፤ አበባ ግን አንድም ዘለላ የለም።

የጎደለው ብርድ ይመስለኛል፦ ተክሉ ከ7 ዲግሪ በታች ከ800 ሰዓት በላይ ይፈልጋል፤ የእኛ የኅዳርና የታኅሣሥ ቅዝቃዜ ደግሞ ንጋት ላይ ብቅ ብሎ ረፋድ ላይ ይጠፋል። እንዲተኛ (እድገቱን አቁሞ እንዲያርፍ) ብዬ ኅዳር ላይ ውሃ ከለከልኩት፤ የቅጠሉ ጫፍ ተቃጠለ እንጂ አልረገፈም። ሥሩ ጥልቀት የለውም፣ ቶሎ ይጠማል።

በሞቃት አገር አፕል ላይ እንደሚደረገው፣ ታኅሣሥ ላይ ቅጠሉን በእጅ አራግፌ ውሃ ብመልስለት ያብባል?