«ሚጥሚጣ ነው» ተብሎ የተላከ ዘር፦ ይህ የምን ዝርያ ነው?

ሰብለ፣ አሌክሳንድሪያ (አሜሪካ)
ሰላም ወገኖች። አማቴ ከኢትዮጵያ በወረቀት ጠቅልለው «ሚጥሚጣ ነው» ብለው ለሰው የሰጡልኝ ዘር በረንዳ ላይ አፍርቷል። ፍሬው 7 ሴንቲ ሜትር ግድም ነው፤ ቁልቁል ተንጠልጥሎ፣ ሲበስል ጠቆር ያለ ቀይ ይሆናል። አከራዩ እስከ ወሩ መጨረሻ በረንዳው ይጽዳ ብሏል። ቤት የሚገባልኝ አንድ ተክል ብቻ ነው። ምንድን ነው? ማቆየቱስ ይጠቅማል?

ጋሽ ወልዴ
ልጄ፣ ሚጥሚጣስ አይደለም። ሚጥሚጣ ደቃቅ ነው፤ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ፣ ሽቅብ ቀጥ ብሎ የሚቆም። በቀለም ብቻ ዝርያ አይለይም፤ አበባውን እዪ። ቅጠሉ ከቅርንጫፉ በሚወጣበት መገናኛ ላይ አንድ ነጭ አበባ ብቻ ካለ የበርበሬና የቃሪያ ወገን ነው። ከ2 እስከ 5 ሆነው ከአንድ ቦታ ከወጡ፣ ቆቡም ጭራው ላይ ክር የታሰረበት ይመስል ጠበብ ካለ፣ የሀባኔሮ፣ የዚያ በጣም የሚያቃጥለው ቃሪያ፣ ወገን ነው። አበባው ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ነጭ ከሆነ ደግሞ የሚጥሚጣ። በነገርሽን መልክ እኔ ማረቆ ፋና የሚባለው የበርበሬ ዝርያ ነው እላለሁ።

ብርሃኑ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ
ጋሼ፣ ቸኮሉ። ከገበያ ዛላ የተራገፈ ዘር ከሆነ ስሙን ማን ያውቀዋል? በርበሬ በራሱ ብናኝ ፍሬ ቢይዝም ንብ ከጎረቤት ማሳ ሌላ ብናኝ ታመጣበታለች። ድቅሉ በዚያው ዓመት ፍሬ ላይ አይታይም፤ ዘሩ ሲዘራ ነው የሚወጣው። ሰብለ፣ ተክሎቹን ጎን ለጎን አስተያዪ፤ ፍሬያቸው ከተለያየ ድብልቅ ነው። ለዘር ከፈለግሽ ያልፈነዳ እምቡጥ በስስ ሻሽ ሸፍኚ፤ በቀን አንዴ ነቅነቅ አድርጊው፤ ፍሬ ሲይዝ ሻሹን አውልቀሽ ጭራው ላይ ክር እሰሪ። አረንጓዴውን ቀጥፈሽ ዘር አታውጪ፤ ጥሩ አይበቅልም።

ሄኖክ
ቆይ፣ ዘሩ እንዴት ገባ? አሜሪካ ለመትከል የሚመጣ ዘር የዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬት ይጠየቅበታል። ሻንጣ ውስጥ ያለውን ካስመዘገባችሁ ቢወስዱባችሁም አትቀጡም፤ ደብቃችሁ ከተገኘ ግን መቀጮ አለ። የተፈጨ በርበሬ ሌላ ነገር ነው፤ እሱንም ግን ተናገሩ።

አዜብ
አሁን ማን ስለ ጉምሩክ ጠየቀ? ይልቅ ሒሳቡን እዩት። 5 ኪሎ እሸት ደርቆ 1 ኪሎ ቢወጣው ነው፤ ከዚያ ሲቀነጠስ ደግሞ ይቀንሳል። ከበረንዳ የዓመት በርበሬ አይገኝም። ለእናቶች ብር ልኮ፣ እዚያው ታጥቦ፣ ተደልዞ፣ ደርቆ፣ ተፈጭቶ ቢመጣ ይሻላል። ሽታውስ ቢሆን ከየት ይመጣል?

ብርሃኑ
አዜብ፣ ጥያቄው ስለ ዘር ነው እንጂ ስለ ድልህ አይደለም።

ሰብለ
አበባው አንዳንዱ መገናኛ ላይ አንድ፣ አንዳንዱ ላይ ሁለት ነው። ቆቡ ላይ ክር የሚመስል አላየሁም። ጋሼ፣ ታዲያ ይህ የቱ ነው?

ጋሽ ወልዴ
ክሩ ከሌለ ሀባኔሮውን ተዪው። ሁለት አበባ አልፎ አልፎ በርበሬም ላይ ይታያል፤ ብዙው አንድ ከሆነ በርበሬ ነው። የትኛው በርበሬ ለሚለው ብርሃኑ እውነቱን ነው፤ በፎቶ አይታወቅም። የምታስገቢውን ግን ሳይበርድ፣ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሳይወርድ አስገቢ። 20 ሴንቲ ያህል አስቀርተሽ ቁረጪው፤ ቅጠሉን ከሥር ገልብጠሽ ክሽክሽ (ጭማቂ የሚመጥ ደቃቅ ተባይ) እንዳይኖርበት እጠቢ።

ሄኖክ
የኔን ሐሳብ ማንም አልመለሰም። ያ ዘር ተመዝግቦ ነው የገባው ወይስ አይደለም?

አዜብ
ኧረ ሄኖክ፣ ልጅቷን ልታሳስር ነው እንዴ!