የ13 ዓመት ልጄ ከጉልበቱ ሎሚ በታች ያመዋል፤ ኳሱን ያቁም?

የሳቢያኗ እናት (ድሬዳዋ)

እንደምን ሰነበታችሁ። ልጄ ከክረምቱ ወዲህ ቁመቱ በድንገት ስለተመዘዘ፣ ለመስከረም ያሰፋሁለት ሱሪ ዛሬ ቁርጭምጭሚቱ ላይ አይደርስም። በአንድ የታዳጊዎች ቡድን ውስጥ ይሠለጥናል፤ በትምህርት ቤትም ይጫወታል፤ ማታ ማታ ደግሞ ከሰፈር ልጆች ጋር ወደ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ይወርዳል። ከሁለት ወር ወዲህ ከቀኝ ጉልበቱ ሎሚ በታች ከግራው ይልቅ ጎልቶ የወጣ ጠንካራ እብጠት አለው፤ ደረጃ ሲወርድ ያነክሳል፤ ለሶላት ሲሰግድም ጉልበቱን መሬት ማስነካት ተስኖታል። ጎረቤቶች «አጥንቱ ከቦታው ወጥቷል» ስላሉኝ ወጌሻ ዘንድ ወስጄው ሁለት ጊዜ ታሸ፤ በሁለተኛው ሌሊት ሲያቃስት አደረ። አሠልጣኙ በበኩሉ «የእድገት ሕመም ነው፣ ይለፈዋል» ይላል። ማንን ልስማ?

ፊዚዮቴራፒስት ከሐረር

እህቴ፣ ልጁን ሳላየው እርግጠኛ ልሆን አልችልም፤ ይሁን እንጂ ዕድሜው፣ የቁመቱ ፍጥነትና ሕመሙ የተቀመጠበት ቦታ ኦስጉድ ሽላተር ወደሚባለው ጉዳት ያመለክታሉ። ስያሜው የተወሰደው በ1903 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ አንዱ በአሜሪካ ሌላው በስዊዘርላንድ ሆነው ለየብቻ ስለ ሕመሙ ከጻፉት ሁለት ሐኪሞች ነው። የፊት ጭን ጡንቻ በሎሚው በኩል አልፎ በጅማት ከቅልጥም አጥንት አናት ጋር ይያያዛል፤ በዚህ ዕድሜ ግን ጅማቱ የተያያዘበት ቦታ ገና ያልጠነከረ ልም አጥንት በመሆኑ፣ በየዝላዩና በየምቱ ሲጎተት ይቆጣል፤ ያብጣል። በዚህ ላይ አጥንት ሲረዝም ጡንቻው ወዲያው ስለማይከተለው ጉተታው ይጠነክራል።

ስለዚህ ከቦታው የወጣ አጥንት የለም፤ የሚመለስ ነገርም የለም። በእኛ አገር የቡድኑን የሕክምና ባለሙያም የመንደሩን አጥንት ጠጋኝም «ወጌሻ» ስለምንል ነገሩ ይምታታል፤ ለማንኛውም የተቆጣውን ቦታ ማሸት እሳት ላይ ላምባ እንደመጨመር ነውና ይቅር። ከጨዋታ በኋላ በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ ለ15 ደቂቃ ይያዝበት፤ ሲሰግድም ከጉልበቱ ሥር ወፍራም ጨርቅ አጥፎ ያድርግ። በጅማቱ ላይ መርፌ እንወጋለት የሚል ካለ እሺ አይበሉ፤ ጅማቱን ሊያዳክም ይችላል።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ሕመሙ ያለ እንቅስቃሴ ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ከሆነ፣ ትኩሳት ወይም ክብደት መቀነስ ካለ፣ ጉልበቱ በሙሉ ካበጠ ወይም ከተቆለፈ፣ እግሩን መርገጥ ካቃተው ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይውሰዱት። የዳሌ መገጣጠሚያ ጉዳትም በዚህ ዕድሜ ጉልበት ላይ ሆኖ ሊሰማ ስለሚችል ዳሌውም እንዲታይ ይጠይቁ።

የታዳጊዎች አሠልጣኝ (ድሬዳዋ)

ጥፋቱ የእኛ የአሠልጣኞችም ነው። እኔ የምቆጥረው የእኔን ልምምድ ብቻ ነው፤ የስፖርት መምህሩ የራሱን ይቆጥራል፤ የደቻቱን ኳስ ደግሞ ማንም አይቆጥረውም። የልጁ ጉልበት ግን ሁሉንም ይደምራል። በሳምንት የሚሠለጥንበት ሰዓት ከዕድሜው ቁጥር ባይበልጥ፣ ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ዕረፍት ቢኖረው ይመከራል፤ ስለዚህ እባክዎ ቁጭ ብለው ይደምሩት። ሌላው የድሬ ልጆች ስሕተት ሙቀቱ ሰውነታቸውን ያሟሟቀ ስለሚመስላቸው፣ ከጥላ ሥር ተነሥተው በቀጥታ ወደ ምት መሄዳቸው ነው። ላብ ጡንቻን አያዘጋጅም፤ 10 ደቂቃ ቀስ ያለ ሩጫና እንቅስቃሴ ያስፈልጋል።

የቀድሞ ተጫዋች (ሐረር)

እኔ በልጅነቴ ይኸው ሕመም እያለብኝ የማስታገሻ መርፌ እየተወጋሁ ተጫውቻለሁ። ጉብታው እስከ ዛሬ አለ፤ ስንበረከክ ያመኛል። በእኔ በኩል አንድ ዓመት ሙሉ ኳስ እንዳይነካ እመክራለሁ።

ፊዚዮቴራፒስት ከሐረር

ወንድሜ፣ በማስታገሻ ሕመምን ሸፍኖ መጫወት ስሕተት ነው ባሉት እስማማለሁ፤ ዓመት ሙሉ ማስቆሙ ግን አስፈላጊ አይደለም፤ ጡንቻውም ይላላል፣ ልጁም ተደብቆ ይጫወታል። ሕመሙን ከ10 ስንት እንደሆነ ይናገር፤ ከ3 ካልበለጠና በማግስቱ ጠዋት ከጠፋ ይቀጥል፤ ከዚያ ካለፈ ዝላይና ጠንካራ ምት ለጥቂት ሳምንታት ቀርተው ቅብብልና ዋና ይተኩ። ከዚሁ ጎን ለጎን የፊትና የኋላ ጭኑን ጡንቻ ሳያመው እየሳበ ያፍታታ፤ ጀርባውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ጉልበቱን በጥቂቱ አጥፎ መቆምንም ይለማመድ። ልም አጥንቱ ሲጠነክር አብዛኞቹ ይድናሉ፤ እስከዚያው ግን ሕመሙ እየሄደ እየመጣ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ሊወስድ ይችላል። ጉብታው ግን ሕመም ሳይኖረው እንዳለ ሊቆይ ይችላል።

የሳቢያኗ እናት (ድሬዳዋ)

አላህ ይስጥልኝ። ቁጭ ብለን ደመርነው፤ ቡድኑ 6 ሰዓት፣ ትምህርት ቤቱ 2 ሰዓት፣ ደቻቱ 7 ሰዓት ተኩል፣ በድምሩ 15 ሰዓት ተኩል ሆነ። ሐኪሙም ዳሌውን አገላብጦ ካየ በኋላ ጉብታውን በአውራ ጣቱ ሲጫነው ልጁ ከአልጋው ዘለለ፤ እናንተ ያላችሁትን ስምም ጻፈልን። የደቻቱን ኳስ ለጊዜው ስለከለከልኩት አሁን ፊሽካ ይዞ ከዳር ቆሞ ያጫውታል። የጎረቤት ልጆች ፍርዱን ለመክሰስ እኔ ቤት መምጣት ጀምረዋል።