«ማዕበሉ ወደ አውሎ ነፋስነት ተቀየረ» ምን ማለት ነው?

የአዳማዋ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ዜና ላይ «የሐሩር ክልሉ ማዕበል ተጠናክሮ ወደ አውሎ ነፋስነት ተቀየረ» ሲባል ሰምቼ ግራ ገባኝ። እኛ አዳማ አውሎ ነፋስ የምንለው በበጋ ጠራራ ፀሐይ ፍራንኮ ሰፈር ብድግ ብሎ አቧራና ፌስታል እያሽከረከረ የሚያልፈውን ነው። ማዕበል ደግሞ የውሃ አይደል እንዴ? ውሃ እንዴት ነፋስ ይሆናል?

ባለ ሰዋስው፦
በመጀመሪያ «ዐውሎ» በዓይኑ «ዐ» ይጻፍ። ማርቆስ 4 ላይ ሁለቱም አሉ። ዐውሎ ነፋሱ ተነሣ፣ ማዕበሉ ታንኳይቱ ውስጥ ገባ። ነፋሱ አስነሺ፣ ማዕበሉ ተነሺ። ዜናው ገልብጦታል።

ጥቁር ቀለም፦
ማዕበል ከ«ዐቢይ» የወጣ ይመስለኛል። ትልቅ ነገር ሁሉ ማዕበል ይባላል፤ «የሕዝብ ማዕበል» እንል የለ?

ባለ ሰዋስው፦
ወንድሜ፣ የዐቢይ ግሱ «ዐብየ» ነው። «ለ»ን ከየት አመጣሃት? «ማ»ም ባዕድ ፊደል ናት፣ ከግሱ ሥር ያልሆነች ተጨማሪ፤ ማዕጠንት ላይ እንዳለችው። ይህን ቅኔ ቤት ብትለው ያስነሱሃል።

መምህር ከሐዋሳ፦
የኔታ፣ ግሱን ለእርስዎ ልተው። ነገሩ ግን አንድ ነው፤ ስሙ የሚለወጠው በፍጥነቱ ነው። ነፋሱ በሰዓት 63 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ዜናው «ማዕበል» ያለው ይሆናል። 119 ሲደርስ ዜናው «አውሎ ነፋስ» ያለው ይሆናል፤ አትላንቲክ ላይ ሃሪኬን፣ ምዕራብ ፓስፊክ ላይ ታይፉን ይሉታል። ኃይሉን የሚያገኘው ከሞቀ ባሕር ነው። ውሃው 26.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ መሞቅ አለበት፤ ያውም ላይ ላዩን ብቻ ሳይሆን እስከ 50 ሜትር ጥልቀት። እንፋሎቱ ወጥቶ ደመና ሲሆን ሙቀት ይለቃል። አየሩ ይበልጥ ይወጣል፣ ከታች ግፊቱ ይወርዳል፣ የዙሪያው ነፋስ ይሳባል። የሚጠመዝዘው የምድር መሽከርከር ስለሆነ ምድር ወገብ አጠገብ አይፈጠርም ማለት ይቻላል። የላይኛውና የታችኛው ነፋስ ካልተስማሙ ደመናውን አዘንብለው ይበታትኑታል። ደረቅ አየር ከገባበት ይዳከማል፤ የብስ ከረገጠማ አለቀለት። የፍራንኮው ግን ባሕርም ደመናም አይፈልግም። የጋለ መሬት ይበቃዋል፣ በደቂቃዎች ያልፋል።

የአዳማዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ መምህር። ታዲያ ትልቁን ምን እንበለው?

ጥቁር ቀለም፦
ወጀብ! ነፋስም ዝናብም አለበት።

መምህር ከሐዋሳ፦
ወጀብ እኮ በአንድ ክረምት ስንቴ ይመጣል። ግንቦት 2010 ዓ.ም. ሳጋር የተባለው የሐሩር ክልል ማዕበል ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ተነሥቶ ሶማሌላንድ ሲገባ ዝናቡ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ደርሷል። እሱንም ወጀብ ልንለው ነው?

ባለ ሰዋስው፦
ቆይ፣ የወጀብ ሥሩ ራሱ ምንድን ነው? መጀመሪያ እሱን እንጨርስ።