የሞተር ችግርና ከባድ ማረፍ፦ በደሴ ከፍታ ምን ይለያል?

የጦሳ ልጅ፦ ባለ አንድ ሞተሩ አር 44 ሄሊኮፕተር ደሴ ላይ ሞተሩ ቢጠፋ፣ ሮተሩ (ከላይ የሚዞረው ክንፍ) በነፋስ እየዞረ ያሳርፈዋል ይባላል። ታዲያ መሬቱን በኃይል የሚመታው ለምንድን ነው?

ቦርከና፦ ጉልበቱ ያለው ሮተሩ ዙር ላይ ነው። ሞተሩ እንደጠፋ ኮሌክቲቩ (የክንፎቹን ዘንበልታ የሚቀይረው ማንሻ) ወዲያው ወደ ታች! ማመንታት ዙሩን ይበላዋል። ፍጥነት 70 ኖት (በሰዓት 130 ኪ.ሜ.) ገደማ፣ የሮተር ዙር ከ97 እስከ 108 በመቶ። 40 ጫማ ላይ አፍንጫው ቀና ይላል፣ 8 ጫማ ላይ ይስተካከላል፣ ሊነካ ሲል ኮሌክቲቩ ይሳባል። መሳቡ አንዴ ብቻ ነው፤ ቀድሞ የሳበ የቀረውን ከፍታ ይወድቀዋል።

ዳገት፦ ከፍታውንም ቁጠሩት እንጂ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፤ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሲደርስ አየሩ 3,250 ሜትር ላይ ያለ ያህል ይሳሳል። ጠቋሚው 70 ቢልም እውነተኛው ፍጥነት ከ80 ያልፋል፣ ቁልቁለቱም ይፈጥናል። መሬት ሲነካ ኮሌክቲቩ የሚሰጠው ማለስለሻ ግን ይቀንሳል።

የጦሳ ልጅ፦ ሞተሩ ደከመ እንጂ ባይጠፋስ?

ቦርከና፦ እሱ ይብሳል፣ ያታልላል። ኮምቦልቻ እደርሳለሁ ብሎ ኮሌክቲብ የሚስብ ዙሩን ያጣል። የዝቅተኛ ዙር ደወሉ ከጮኸ ኮሌክቲቩን ዝቅ አድርጎ ቅርብ ሜዳ መፈለግ ነው።

ዳገት፦ ካረፉ በኋላ ነዳጅና ባትሪ ይዘጋ። ሮተሩ ሳይቆም አትውረዱ፤ ተዳፋት ላይ በዳገቱ በኩል ክንፉ ለራስ ቅርብ ነው። "ምንም አልሆነም" ብሎ መልሶ ማስነሳት የለም፦ የስኪዱ (የማረፊያ እግሩ) አግዳሚ ቱቦዎች፣ ጅራቱና የማርሽ ሳጥኑ ማሰሪያዎች በመካኒክ ይታያሉ።